ያንኳኳል

ሞተር ሳይክሉ ገና ከመታጠፊያው ሳይወጣ መካኒኩ ድምፁን ለየው፤ ያንኳኳል። መፍቻውን አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ጠረገና ሻይ ጣደ። ሁለት ብርጭቆ አወጣ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሁለተኛው ብርጭቆ የሚወጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ብሶበታል!" አለ ዳቦ አዳዩ፣ ሄልሜቱን እንኳ ሳያወልቅ። "ዳገት ላይ ቋ ቋ ቋ ይላል። ጠዋት ላስነሳው ስረግጠው ደግሞ ፔዳሉ ተመልሶ እግሬን ሊሰብረው ነበር።"

"መጀመሪያ ቁጭ በል። ሻይ ጥጄልሃለሁ።"

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። ዳቦ አዳዩ ጓደኞቹ "እሳቱን ካስቀደምከው ሞተሩ ይከንፋል" ብለውት፣ ከመለዋወጫ ሱቅ አዲስ የማግኔት ሳህን ገዝቶ መጣ፤ መካኒኩም አሰረለት። ሳህኑ ሲዞር ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ይቀድማል፣ ወይም ይዘገያል። እውነትም ሜዳ ላይ ትንሽ ፈጠነ። ዳቦ ጭኖ ዳገት ሲጀምር ግን ነዳጁ ፒስተኑ ወጥቶ ሳይጨርስ እየነደደ ሞተሩን ከውስጥ ይደበድበዋል። መካኒኩ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ያውቅ ነበር። የድሮውን ሳህን መልሶ ማሰር ደግሞ ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

አላደረገውም። በየሳምንቱ ፀጉር ታህል ወዲህ፣ ፀጉር ታህል ወዲያ እያዞረ "እስቲ ሞክረውና ቅዳሜ ና" ይለዋል። ደንበኞቹን አስፋልቱ ዳር የተከፈተው ትልቅ ጋራዥ ጠቅልሎ ወስዶበታል። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ በሩን የሚያንኳኳ የለም። ዳቦ አዳዩ ሲመጣ ግን ወሬው አያልቅም፤ በተለይ የእናቱ ነገር። የቴሌቪዥኑ ዜና አንባቢ "እንደምን አመሻችሁ" ሲል "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?" የሚሉት እሳቸው ናቸው። መካኒኩ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ስቆ ነበር። ማታ ብቻውን ዜና ሲያይ ግን አላሳቀውም።

"ዛሬ በደንብ አድርገህ እሰርልኝ" አለ ዳቦ አዳዩ ሻዩን እየማገ። "ነገ እናቴን አፈናጥጬ እህቴ ጋ ላደርሳት ነው።"

"ከተራራው ማዶ? ያን ሁሉ ዳገት?"

"ምን ላድርግ? አውቶቡስ ያጥወለውላታል።"

መካኒኩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፒስተኑ ተበስቶ ሞተሩ ገደል አፋፍ ላይ ድርቅ ቢልስ? አሮጊቷን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም፤ ያም ሆኖ አፈረ። ተነሥቶ በጋዜጣ የጠቀለለውን የድሮውን ሳህን ከመደርደሪያው አወረደ።

"ምነው ጋሼ፣ ያንን አሮጌ?"

"እሳት ስለቸኮለ ጉልበት አይጨምርም። ጭነት ሲኖር እንዲያውም ሞተሩን ይበላዋል። ያኔውኑ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

መካኒኩ አዲሱን ፈትቶ፣ የድሮውን ሳህን ምልክት ከሞተሩ ምልክት ጋር አገናኝቶ ብሎኑን አጠበቀ። ሊዋሽ ቃጣውና ተወው።

"ሻይ ብቻዬን መጠጣት ሰልችቶኝ ነው።"

ዳቦ አዳዩ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ፔዳሉን አንዴ ሲረግጠው ሞተሩ ተነሣ። የሰፈሩን ዳገት ወጥቶ ተመለሰ።

"ጋሼ፣ ዝም አለ እኮ! በቃ?"

"በቃ። ከእንግዲህ አያንኳኳም።"

ዳቦ አዳዩ እንደ ልማዱ አንድ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ አመስግኖ ወጣ። ስለ ቅዳሜ ያነሣ የለም። መካኒኩ ሁለቱን ብርጭቆዎች አንሥቶ ወደ መታጠቢያው ጥቂት ከተራመደ በኋላ መልሶ አስቀመጣቸውና ወደ በሩ ሮጠ። ሞተር ሳይክሉ መታጠፊያው ጋ ደርሷል።

"ቅዳሜ ና!" ብሎ ጮኸ። "ባያንኳኳም ና!"