ከነላስቲኩ

አምቡላንሷ ሥራ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሞልቷታል፤ ሹፌሯ ግን እስከ ዛሬ «አዲሷ» ነው የሚላት። ማስረጃ አምጣ ቢሉት አይቸግረውም፤ ላስቲኳ አልተነሣማ። ከፋብሪካ ለብሳው የመጣችው ላስቲክ በወንበሩም፣ በፀሐይ መከለያውም፣ ከኋላ ባለው የቃሬዛ ፍራሽ ላይም እንዳለ ነው። በዚያች መኪና ውስጥ ሰው ተወልዷል፣ ሰው ሞቷል፣ ሰው በሁለቱ መሀል ሆኖ ሲያቃስት ውሏል። ላስቲኩን ግን ክፉ አልነካውም፤ ተመስገን ነው።

እርግጥ እዚህም እዚያም ተቀዷል። ሰው ሲያመው ይንፈራገጣል እንጂ ለንብረት መች ያስባል! ሹፌሩ ቀዳዳ ባየ ቁጥር ከመድኃኒት ሳጥኑ የቁስል ፕላስተር ቆርጦ ይለጥፍበታል። አብራው የምትሠራው ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚላት፣ ለሰው ቁስል የመጣ ፕላስተር ለላስቲክ ቁስል ሲውል ስታይ ቆሽቷ ያርራል።

«ወንድሜ፣ ደሙም ሽንቱም በቀዳዳው ወደ ታች ይገባል እኮ» ትለዋለች። «ላዩን ብትወለውለው ምን ዋጋ አለው? እናንሣውና ፍራሹን እንጠበው።»

«ሲስተር ደግሞ! አንዴ ከተነሣማ አለቀለት። ነገ አሮጌ ይሏታል።»

መመሪያው፣ ከእያንዳንዱ በሽተኛ በኋላ ፍራሹ በሳሙና ይታጠብ፣ በረኪና ይቀባ፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ ይላል። አሥር ደቂቃ ሙሉ ፍራሽ ላይ አፍጥጦ መቆም ለሹፌሩ የሥራ ፈት ሥራ ነው። እሱ በሁለት ደቂቃ ላስቲኩን ፊት እስኪያሳይ ድረስ ያሸዋል። ላዩን ሲያዩት መስተዋት ነው፤ ውስጡን ለቄስ።

ባለፈው ወር በቀዶ ጥገና የወለደች አንዲት ሴት በዚያው ፍራሽ ላይ ተኝታ ወደ ቤቷ ሄደች። በዘጠነኛው ቀን ቁስሏ መግል ይዞ ተመለሰች። ሲስተር ይህን ስትነግረው ሹፌሩ «የእግዜር ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል» አለ። እግዜርም እንደ ልማዱ ዝም አለ።

«ከፍራሹ ነው ብዬ አልምልም» አለችው ሲስተር። «አይደለም ብለህ ግን አንተም አትምልም።»

እሱ ግን ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ምን ያስጨንቀዋል! የሆስፒታሉ ኃላፊ ለንጽሕና ቁጥጥር መጥተው ላስቲኩን በነጭ መሀረባቸው ዳሰስ ቢያደርጉት መሀረቡ እንደነጣ ተመልሷል። «ንብረት መያዝ እንዲህ ነው!» ብለው የምስጉን ሠራተኛ ምስክር ወረቀት ሲሰጡት አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ወረቀቱን ከመሪው ፊት ለፊት ሰቀለው። በላስቲክ አስለብዶ ነው፤ በሌላ በምን ሊያስለብደው ኖሯል?

ቤቱም ያው ነው። ሶፋው ከተገዛ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ ላስቲኩም አሥራ አንድ ዓመቱ። ሙቀት ሲሆን ሚስቱ ከሶፋው የምትነሣው እየተላጠች ነው። «ይህን ነገር መቼ ነው የምታነሣልኝ?» ስትለው «እንግዳ ሲመጣ» ይላታል። እንግዳ ይመጣል፣ ላስቲኩ ላይ ይቀመጣል፣ እየተላጠ ይነሣል፣ ይሄዳል። እሷም መጠየቁን አልተወችም፤ እሱም መልሱን አልቀየረም።

ይህች ሚስቱ እሑድ ዕለት ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ እዚያው ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ሆነች። ሹፌሩ ሁለት ሌሊት ደጇ ላይ ተቀምጦ አደረ። እወዳታለሁ ብሎ አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ይወዳታል ግን፣ በጣም ነው የሚወዳት። ማክሰኞ ረፋድ፣ የእግሩ እባጭ የፈነዳ አንድ ሰውዬ አድርሶ ተመልሶ፣ በተለመደው ሁለት ደቂቃ ላስቲኩን አሽቶ እንደጨረሰ፣ ሲስተር ወረቀት ይዛ ከዎርድ ወጣች።

«ሚስትህ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ትላካለች። እንደገና መከፈት አለባት። የሆዷ ቁስል አልተሰፋም፣ ክፍት ነው፤ ሐኪሙ እድፍ እንዳይደርስበት ብሏል። መንገዱ ደግሞ ሦስት ሰዓት ነው።»

«በምን ነው የምትሄደው?»

«በምን ትሄዳለች? በአዲሷ ነዋ!»

ሹፌሩ ዞሮ የኋላውን በር ከፈተ። ፍራሹ ያብረቀርቃል። መሀሉ ላይ፣ ልክ የሰው ወገብ በሚያርፍበት ቦታ፣ ትልቁ ፕላስተር አለ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላል ተረቱ፤ አሁን ግን ቁስሉ የቤቱ ነው። ፕላስተሩን በጣቱ ጫን አደረገው። ከሥሩ ቡናማ ፈሳሽ ወጥቶ ጣቱን አረጠበው። የማን እንደሆነ አያውቅም፤ የጠዋቱ ሰውዬ ይሁን፣ ያቺ የወለደችው ትሁን፣ ወይስ የሦስት ዓመቱ በሽተኛ ሁሉ አዋጥቶት።

«ሲስተር!» ብሎ ሲጮኽ ሳይረኑን አስናቀ።

ሲስተር መጥታ ጣቱን አየች። «መጀመሪያ ታጠብ። ከዚያ ጓንት አድርግ» አለችው።

ሦስት ዓመት ሙሉ በስስት የያዘውን ላስቲክ ከራስጌ እስከ ግርጌ ተረተረው። ሽታው ሁለቱንም ወደ ኋላ መለሳቸው። ፕላስተሩ ተልጦ ሲነሣ ከሥሩ ላስቲኩ ላይ የታተመች ትንሽ ሥዕል ታየች፤ አንድ እጅ ከፍራሽ ላይ ላስቲክ ሲገፍ። ሳትጠቀሙበት በፊት አንሡት ማለት ነው። ጽሑፍ የሚሰለቸው ሰው እንኳ እንዲገባው ተብሎ የተሣለውን ሥዕል ሹፌሩ በፕላስተር ሸፍኖት ኖሯል። ፍራሹ ደግሞ ድሮውንም ውሃ የማያስገባ ልባስ ነበረው፤ ታጥቦ እንዲጠራ የተሠራ ነው። ላስቲኩ ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቅ የኖረው ቆሻሻውን ነበር። ሲስተር ጠቅልላ ከቆሻሻ ማስወገጃው ከተተችው።

በሳሙና ፈተጉት፣ አጠቡት፣ ቃሬዛው የሚንሸራተትበትን ሐዲድም እጀታውንም ሳይቀር ጠርገው በረኪናውን ቀቡት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሚስቱ ባለ ጎማ አልጋ ላይ ተኝታ በር ላይ ትጠብቃለች። በዚህ መሀል ኃላፊው ብቅ አሉ።

«ላስቲኩን ማነው የቀደደው? ሐሙስ ጎብኚ አለብን እኮ!»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«በምን ምክንያት?»

ሹፌሩ የፍራሹ እጣቢ ወደ ጠቆረበት ባልዲ ጠቆመ። ኃላፊው ባልዲውን አዩት፣ በነጩ መሀረባቸው አፍንጫቸውን ያዙ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ አዘውት ሄዱ። መሀረቡም በመጨረሻ ሥራ አገኘ።

ሹፌሩ ሰዓቱ ላይ አፈጠጠ። አምስት ደቂቃ። ሰባት። ላቡ ይወርዳል። አሥር ሲሞላ «ሃያ እናድርገው እንዴ?» አለ።

«አሥር ይበቃል» አለች ሲስተር። «ሦስት ዓመት የለመንኩህ አሥሩን ነው።»

አንሶላ አንጥፈው ሚስቱን በጥንቃቄ አስተኟት። እጇ ፍራሹን ዳበሰ፤ ከቤቷ ሶፋ የለመደችውን የላስቲክ ኮሽታ ስታጣ ዓይኗን ገለጠች።

«ላስቲኩ የታለ?»

«ላንቺ ስል ቀደድኩት» አላት። ምርቃት እንደሚጠብቅ ልጅ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነበር።

አቅም ስላልነበራት ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ከእኔ በፊት የተኙበትስ? እነሱ የማንም ሚስት አይደሉም?»

ሲስተር ከበሽተኛዋ አጠገብ ገብታ ተቀመጠች፤ እሱ በሩን ዘግቶ ወደ መሪው ሄደ። ሞተሩን ሲያስነሣ ምስክር ወረቀቱ ፊት ለፊቱ ተወዛወዘ። ጎትቶ አወረደውና ከወንበሩ ሥር ጣለው።

ከከተማው መውጫ ሳይደርስ ያቺ የወለደችው ሴት ባል ትዝ አለው። ቤታቸው ደጃፍ ካወረዷት በኋላ ሰውዬው የፍራሹን ላስቲክ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፤ እንዲህ ባለ ንጹሕ መኪና አመጣህልኝ» ብሎት ነበር።

እሱም ደስ ብሎት «አብሮ ይስጠን» ብሎ መልሶለታል።