እጅ ያልነካው ጣባ

ሱምያ የፊልሙን መጨረሻ ካሜራዋን ከቦርሳው ሳታወጣ በሐሳቧ ነበር የጨረሰችው። አያቷ ሐጂያ ዘይነት ጀልባው ጫፍ ላይ ይቆማሉ፤ ጀልባ ነጂው ሰላህ ውሃው ውስጥ ወርዶ ጀርባውን ይሰጣቸዋል፤ አዝሏቸውም ዳር ያወጣቸዋል። ያኔ ሙዚቃ ይገባል። ወንድ አያቷ ሐጂ ሙሀመድአወል በሰባ ሰባቱ ረሃብ አማታቸውን አዝለው ከሞት አወጡ የሚለው ወሬ በቤታቸው ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ታሪክ የቀረበለት ሰው ሌላ መጨረሻ ፍለጋ አይባዝንም።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዘይነት የተወለዱት ከማክሰኝት ወጣ ብላ ካለች መንደር፣ ከቤተ እስራኤል ቤተሰብ ነው። የባሕር ዳሩን ነጋዴ ሙሀመድአወልን ወደው ሲያገቡ ሰለሙ፤ ዘመዶቻቸውም እንደሞተ ሰው ቆጠሯቸው። ረሃቡ ሲመጣ ግን ባልየው ሐይቁን ተሻግረው የዘይነትን እናት የሻሽወርቅን ባሕር ዳር አመጡላቸው። የዘይነት ወንድም ባይህ ከቀረው ዘመድ ጋር በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ፤ ከዚያም እስራኤል ገባ። ዛሬ ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑም እየደከመ ነው። ጨርሶ ሳይጠፋ እናቱ የሄደችበትን መንገድ በፊልም ልይ ብሏል። ልጆቹም ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ተቀምጣ የሰው ሰርግ የምትቀርጸውን ሱምያን «አንቺው ሥሪልን» አሏት።

ወደ መንደሩ በየብስ መሄዱ አልሆነም። ባለፈው ሳምንት ሞክረው ሐሙሲት ላይ «መንገድ ተዘግቷል» ተባሉ፤ ከአውቶቡሱ ተሳፋሪ ሁሉ ጋር ሻይ ቤት ውስጥ ሲቁለጨለጩ ውለው ተመለሱ። በዚያ ሰሞን ባሕር ዳር ራሷ በሯ የተቀረቀረ ቤት ሆናለች። ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። ከመሸ መውጣት የለም። ሱምያ በዚያች ጠባብ ስቱዲዮዋ የሌሎችን ደስታ እየቆረጠች ስትቀጥል፣ ግድግዳው ወደ እሷ የሚጠጋ እየመሰላት ተነስታ መስኮት የምትከፍትበት ቀን ነበር። መስኮቱም ያው ወደ ግድግዳ ነው የሚከፈተው።

ሰላህ ነው «በሐይቁስ ብንሄድ?» ያለው። ሐጂያ ዘይነት ነገሩን እንኳ ሳያስጨርሱት «እንሂድ» አሉ። ሱምያ አያቷ ለፊልሙ እንዲህ መጓጓታቸው ደስ አላት። ምስኪን! ሐጂያ ለፊልሙ ደንታም አልነበራቸው።

የጓጉት ለሌላ ጉዳይ መሆኑ የታወቀው ጎህ ሲቀድ ጀልባው ተነስቶ ከተማዋ ከኋላቸው ስትርቅ ነው። ሐጂያ ጭናቸው ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አስቀምጠዋል። ሲያነሱትም ሲያስቀምጡትም በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ነው።

«እማማ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለች ሱምያ።

«የእናቴ ጣባ ነው። በእጇ የሠራችው ሸክላ። የምትበላበትም የምትጠጣበትም እሱ ብቻ ነበር። ልትሞት ስትል 'ጣባዬን አገሬ መልሺልኝ፣ በአባትሽ መቃብር ራስጌ አኑሪልኝ፤ እስከዚያ የሰው እጅ እንዳይነካው፣ ያንቺም' አለችኝ። እሽ አልኋት። ይኸው ስንት ዘመኔ፣ በጨርቅ እንጂ በእጄ ይዠው አላውቅም።»

«ቢነካስ?»

«በኦሪት ሕግ ሸክላ ከረከሰ ውሃ አያነጻውም። ይሰበራል፣ በቃ። እኔም አረጀሁ፣ ልጄ። ዛሬ ካላደረስሁት ማን ያደርስልኛል?»

ሱምያ ይህንን ቀረጸች። ለመጨረሻው ምስል ማጣፈጫ ይሆናል ብላም አሰበች። እንግዲህ ሰው ሥራው ሲይዘው እንዲህ ነው።

ረፋዱ ላይ የሰሜኑ ዳር ታየ። ከፊቱ ግን እምቦጩ ተነጥፏል። ሐይቁን የወረረው ይህ አረም ከሩቅ ሲያዩት ለምለም መስክ ነው፤ ሐምራዊ አበባው ደግሞ ዓይን ይስባል። ጉዱ የሚታወቀው ሲገቡበት ነው። ሰላህ በመካከሉ የተከፈተ የውሃ መንገድ አይቶ «ቢስሚላህ» ብሎ ገባበት። ግማሽ ያህል እንደሄዱ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር መንፈስ ጀመረ፤ አረሙንም ከኋላቸው እየገፋ አምጥቶ የገቡበትን በር ዘጋው። ሥሩ ሞተሩ ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አጓርቶ ቀጥ አለ።

ሰላህ ማጭዱን ይዞ ጎንበስ ብሎ ይቆርጣል፣ የቆረጠውን ያህል ነፋሱ ያመጣለታል። አንድ እግሩን አውጥቶ አረሙን ቢረግጠው እስከ ጭኑ ሰመጠ፤ ሥሩም እግሩን አልለቅ ብሎ በስንት መከራ ጎትተው አስገቡት። ዋና ቢችሉም ዋጋ የለውም። የብሱ ግን እዚያው ፊታቸው ነው! ላሞች ሲግጡ ይታያሉ። አንድ ሰው ቆሞ እጁን ያወናጭፋል፣ የሚለው አይሰማም። ስልኩም እንደ ልማዱ ዝም ብሏል። ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ወጣች። እምቦጩ ሲሞቅ የሚሸት ሽታ አለው፣ የረጠበ ልብስ ታጥፎ የሰነበተ ዓይነት፤ ሱምያ ትንፋሿ እያጠራት መጣ።

እንዳትጮኽ ብላ ካሜራዋን አነሳች። «እማማ፣ እስኪ ጊዜው ይለፍልን። ሐጂ እንዴት አድርገው እንዳዘሏቸው ይንገሩኝ።»

ሐጂያ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ማንን? እናቴን? እናቴን ማን ነክቶ! በእኛ ወግ የሌላ ሃይማኖት ሰው ከነካሽ፣ ውሃ ወርደሽ ሳትታጠቢ፣ ፀሐይም ሳትጠልቅ ቤትሽ አትገቢም። አገሩ ሁሉ 'አትንኩኝ' እያለ ይጠራን አልነበር? እስከ ጀልባው ድረስ ሐጂ ፊት ፊት ሄዱ፣ እሷ ከኋላ። ስንቋን ጥሬ ሽምብራ ያዙላት፤ የበሰለ ከእጃቸው እንደማትበላ ያውቃሉ። ወንዝ ሲደርሱ ዱላቸውን ዘረጉላት። ዱላውንም አልያዘችም። ውሃው ደረቷ ድረስ ደርሶ ብቻዋን ተሻገረች። እሳቸው ማዶ ቁመው አለቀሱ። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

«ታዲያ ማዘሉን ማን ፈጠረው?»

«እናንተ። ደስ ሲላችሁ ጊዜ ዝም አልሁ።»

ሰላህ ማጭዱን እንደያዘ ሳቀ። ሱምያ ግን አልሳቀችም። የፊልሟ መጨረሻ ዓይኗ እያየ ሲሰምጥ ምኑ ያስቃል? ካሜራዋን ግን አላጠፋችም።

«ባሕር ዳር ከገቡ በኋላስ?»

«ከውሃው አጠገብ ጎጆ ሠራንላት። ጥሬ እህል በሯ ላይ አስቀምጬ ዘወር እላለሁ፤ ስርቅ ወጥታ ታነሳለች። እኔም ሰልሜያለሁና ለእሷ እንደ ማንም ነኝ። ሐጂ የቀሩትን ላምጣ ብለው ቢመለሱ መንደሩ ባዶ ጠበቃቸው፣ ሁሉም ወደ ሱዳን ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ አብሯት የሚጸልይ አንድ ሰው አልነበራትም። በየቀኑ ሐይቁ ዳር ትቀመጥ ነበር። ሰዉ 'ሐይቁን ስትወድ!' ይላል። ኢየሩሳሌም በዚያ በኩል ነዋ! አንድ ቀን 'አወጣችሁኝ፤ እሱስ አወጣችሁኝ። ግን ወዴት አገባችሁኝ?' አለችኝ።»

«ሲሞቱስ?»

«ያጠቧት ሌሎች ናቸው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው። እኔን እንዳልነካት አስምላኝ ነበር። በር ላይ ቁሜ ዋልሁ። ካገባሁ ጀምሮ እናቴን አንድ ቀን እንኳ ሳልነካት ተቀበረች።»

ሱምያ አያቷ ይህን ሁሉ ዘመን ሲስቁ፣ ሲቆጡ፣ የልጅ ልጅ ሲያቅፉ ነው የምታውቃቸው። ይህ በውስጣቸው እንዳለ አንድም ቀን ጠርጥራ አታውቅም። አፈረች።

ያፈረችው ግን ብዙ አልቆየም፤ የሚያስፈራ ነገር መጣ። ሰላህ ትዕግሥቱ አልቆ ሞተሩን በኃይል ሲያስነሳው ጀልባው ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ውሃ ውስጥ ከተደበቀ ግንድ ጋር ተላተመ። ከታች ሲሰነጠቅ ተሰማ። ወዲያው ውሃው እግራቸውን አራሰው።

«ያ ረቢ!» አለ ሰላህ። ሸሚዙን አውልቆ ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቀና በሁለት እጁ ተጭኖ ያዘው። «ሱምያ! ጀሪካኑን! ቶሎ ጭለፊ!»

ሱምያ ካሜራውን ወርውራ የተቆረጠውን ጀሪካን አነሳች። ትጨልፋለች፣ ትደፋለች። ውሃው ግን ከእሷ ፈጠነ፤ ቁርጭምጭሚቷን አልፎ ወደ ባቷ ወጣ። ሰላህ እጁን ካነሳ ያለቀላቸው ነው። ሌላ መጨለፊያ የለም። በሌላው እጇ የምትጨልፍበት ቢጠፋት ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል፣ ሐጂያ ዘይነት ነጩን ጨርቅ ሲፈቱ አየች።

«እማማ፣ ይተዉት!»

ሐጂያ ጨርቁን ገለጡት። ጣባው ወጣ። ጥቁር፣ ጎድጎድ ያለ፣ አፉ ሰፊ ሸክላ ነው። አንድ አፍታ ብቻ በጨርቁ እንደያዙት ቆዩ። ከዚያ ጨርቁን ለቀቁትና በባዶ እጃቸው ያዙት።

«ጭለፊ እንጂ! ምን ያስቆምሻል?» ብለው ጮኹባት።

ጨለፉ። ሁለቱም ጨለፉ፤ ክንዳቸው እስኪዝል፣ ወገባቸው እስኪቆረጥ። ሐጂያ ሲደክማቸው ከሰላህ ጋር ተለዋወጡ፤ እሳቸው ሸሚዙ ላይ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ሰላህ ጣባውን ተቀብሎ ጨለፈ። ከእሱ ሱምያ ተቀበለች። ያ በስንት ዘመን እጅ ያልነካው ሸክላ በዚያ ከሰዓት የሦስት ሰው እጅ ተፈራረቀበት። ውሃው አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። ያሉበት ቦታ ላይ፣ በአረም ታጥረው፣ እንዲሁ ሲጨልፉ ዋሉ። ሱምያ እዚህ ነው የምሞተው ብላ ለራሷ የነገረችበት ሰዓት ነበር።

ቀኑ ሲበርድ ነፋሱ ዞረ። ከየብሱ ተነስቶ አረሙን ወደ ሐይቁ ይገፋው ጀመር። እምቦጩ ሳሳ፣ መሐሉ ተከፈተ፣ ጥቁር ውሃ ታየ። ሰላህ ሞተሩ ላይ የተጠመጠመውን ሥር ቆርጦ ሲጨርስ በመቅዘፊያው ወደ ክፍቱ ገፋቸው። ሞተሩ ሦስት ጊዜ እንቢ ብሎ በአራተኛው ተነሳ።

«አልሀምዱሊላህ» አሉ ሐጂያ። ቀና ብለው ዳሩን አዩት፤ ላሞቹም ሰውየውም የሉም። መንገዱ የተከፈተው ወደ ሐይቁ ብቻ ስለሆነ ጀልባው ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረ፣ መንደሩ ከኋላ ቀረ።

ስንጥቁ በሸሚዙ ተጨናንቆ አሁን የሚገባው ጥቂት ነው፤ ለሱምያ ጀሪካን አይበዛም። ሐጂያ ጣባውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው።

«እማማ» አለች ሱምያ በፍርሃት፣ «ሌላ ቀን እንመለስና እናደርሰዋለን።»

«ረክሷል እኮ። አሁን አባቴ ራስጌ አይቀመጥም። እናቴ ብትኖር የምታዘኝ አንድ ነገር ነው።»

ጣባውን በሁለት እጃቸው አንስተው ከጀልባው የብረት ጠርዝ በላይ ያዙት። ሱምያ ዓይኗን ጨፈነች፣ የሚሰበርበትን ድምፅ ጠበቀች። ድምፁ አልመጣም። ዓይኗን ስትከፍት ሐጂያ የግራ እጃቸውን ጣቶች ከጣባው ሥር እያሳለፉ ይዳብሱ ነበር። ሸክላው እርጥብ ሳለ የሠሪዋ ጣቶች ያረፉባቸው ጎድጓዶች ነበሩ። የሐጂያ ጣቶች ገጠሙባቸው።

«እዚህ ጋ ነበር የምትይዘው» አሉ። እንባቸው ወረደ። «እናቴ ትቆጣኝ። ይህን ሁሉ ዘመን በር ላይ ቁሜ እጇን ስፈልግ ኖሬ፣ ዛሬ ገና አገኘሁት። እንዴት ብዬ ልስበረው?»

ጣባውን ደረታቸው ላይ አቀፉት። ሰላህ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ።

ሱምያ ካሜራዋን ያስታወሰችው ያኔ ነው። ከወንበሩ ሥር ውሃ ውስጥ ተጋድማ አገኘቻት። ብታበራት አልበራችም። የአያቷ ሳቅ፣ የሽምብራው ስንቅ፣ የወንዙ ማዶ እንባ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ቀርቷል። ጨርሶ ይጥፋ ይትረፍ ገና አልታወቀም። ከልቧ አዘነች፤ ሥራዋ ነው፣ ለምን አታዝንም?

«አሁን ለአጎቴ ለባይህ ምን ልላቸው ነው? የሚያዩትን ምስል ሲጠብቁ ነው የከረሙት።»

ሐጂያ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ጣባውን ግን አላስቀመጡትም።

«ስልኩ የሠራ ቀን እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉ። «እናትህን ሐይቁ ላይ አገኘናት፣ አወጣችን እለዋለሁ።»