እታፈራሁ በየት መጣች

"ልጄ፣ ላስቸግርሽ ነው" አሉ አቶ ካሳሁን በሹክሹክታ።

ባለ ሱቋ ሳያት ሳቋን ዋጠችው። የጉሮሮ ቀዶ ጥገና ካደረገች ዛሬ አሥረኛ ቀኗ ነው። ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት ትንፍሽ እንዳትል አስጠንቅቋታል። መሃል ከተማ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቋ ግድግዳ ላይ "መናገር አልችልም፤ እሰማለሁ" የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ደንበኛው ግን ወረቀቱን አንብቦ ሲያበቃ ወይ ይጮኽባታል፣ ወይ እንደ እሳቸው ያንሾካሹካል።

ሳቁ የላይ የላዩን ነው። በቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ስምንት ዓመት መሪ ዘማሪ ነበረች። ድምፄ ባይመለስስ የሚለው ፍርሃት እንቅልፍ ነስቷታል። አሁን በቦታዋ የምትዘምረው ሄራን ናት፤ አጠገቧ ባለው ሱቅ የሞባይል ካርድ የምትሸጠው። ሳያት የደረሰችውን አዲስ መዝሙር እንድትሰጣት ሄራን ሁለቴ ጠይቃታለች። ሳያት ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት "ገና አላለቀም" ብላ ጻፈችላት። ካለቀ ወር አልፎታል።

አቶ ካሳሁን የመጡት የሟች ባለቤታቸውን የወይዘሮ እታፈራሁን የሕይወት ታሪክ ለማስጻፍ ነው። በቀብራቸው ዕለት ዝናቡ ሰዉን ሲያጣድፈው ሳይነበብ ቀረ። አሁን ቅዳሜ በአርባቸው እንዲነበብ ይፈልጋሉ። ለዚህ ሥራ ሳያት ኮምፒውተሯ ላይ የተዘጋጀ ጽሑፍ አላት። "ከአባታቸው ከእንትና" ብሎ ይጀምርና "ሰው አክባሪና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ" ብሎ ያልቃል። ስም መቀየር ብቻ ነው። ድምፅ ቢኖራት ኖሮ የትውልድ ዘመን፣ የልጆች ብዛት እያለች ታጣድፋቸው ነበር። አሁን ዝም ብላ ጠበቀች። እሳቸውም ያልተጠየቁትን ማውራት ጀመሩ።

"አስተማሪ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአንድ መንገድ ሁለት ቀን አትመጣም። በሩ ላይ ቆማ 'ዛሬ በየት መጣሁ?' ትለኛለች። እኔ ጫማዋን አያለሁ።"

ሳያት እስክሪብቶዋን አንሥታ ጻፈች። "ጫማቸውን ለምን?"

"አሸዋ ካለው በሐይቅ ዳር ነው። ሣር ከያዘ በጉዱማሌ ሜዳ። አንዳንዴ እኔን ለማሞኘት በሊስትሮ ታስጠርገዋለች።" ፈገግ አሉ፤ ማንሾካሾኩንም ረሱት። "ሠላሳ ዓመት አልሰለቻትም። አንድ ከተማ ስንት መንገድ ይኖረዋል?"

ሳያት ይህ ጥያቄ ያዛት። እሷ በየቀኑ ከቤቷ ሱቋ ስትመላለስ ያየችውን ንገሪ ብትባል የምትለው የላትም። "እርስዎስ ዛሬ በየት መጡ?" ብላ ጻፈች።

ሽማግሌው ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩት። "በአስፋልቱ" አሉ። "እሷ ከሄደች ወዲህ በአስፋልቱ ነው።"

የተዘጋጀውን ጽሑፍ ዘጋችና ባዶ ገጽ ከፈተች። እየጠየቀች፣ እየሰረዘች አንድ ሰዓት ያህል ጻፈች። መጀመሪያው "ወይዘሮ እታፈራሁ በአንድ መንገድ ሁለት ቀን መጥተው አያውቁም" የሚል ነበር።

ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ "እስቲ ሲነበብ ልስማው" አሉ አቶ ካሳሁን።

ሳያት ሳታስበው አፏን ከፈተች። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። አራት ቀን ቀርቷታል፤ ሐኪሙ ሹክሹክታ እንኳ ከልክሏል። አፏን ዘጋች። ከዚያ ተነሥታ የጎረቤቷን ሱቅ መስኮት አንኳኳች።

ሄራን መጥታ አነበበች። ድምፅዋ ጥሩ ነው፤ ሳያት ቀናች። ሄራን ጫማው ጋ ስትደርስ ቀስ አለች፣ አቶ ካሳሁን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳያት እያንዳንዱን ቃል ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። በሰው ጉሮሮ አልፎ ሲመጣ አንድም አልጎደለበትም። ቅናቷ አልጠፋም፤ ፍርሃቷ ግን ከአሥር ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት።

አቶ ካሳሁን መርቀዋቸው ወጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው አስፋልቱን አዩና ወደ ጉዱማሌ በሚወስደው የኮብልስቶን መንገድ ታጠፉ።

"ያ መዝሙርስ፣ አላለቀም?" አለች ሄራን ለመሄድ እየተነሣች።

ሳያት ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ መሳቢያውን ከፈተች። ደብተሩን ከመስጠቷ በፊት ከግጥሙ ግርጌ አንድ መስመር ጻፈችበት፤ "ዓርብ ልምምድ ላይ መጥቼ እሰማሻለሁ።"