ሂና የተቀባው ሽመላ

ዙቤዳ ሞኝ አልነበረችም፤ ሞኝ ናት የሚል ሰው ካለ እኔ ፅጌረዳ እጣላዋለሁ። አሰላ ውስጥ ቤቷ ከሱቄ አጠገብ ነበር። ጨው ልትገዛ መጥታ እንኳ ዓይኗ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር፤ ያን ያህል ባሏ ናፍቋት ነበር።

ባሏ ከዲሮ ሥራ ፍለጋ ወደ ምጽዋ የሄደው በተጋቡ በዓመታቸው ነው። ሁለቱም ፊደል ስላልቆጠሩ ቃላቸው የሚመላለሰው በአንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሾፌሩ መጨረሻ ያመጣው ወሬ ይህ ነው፤ ከዲሮ ከምጽዋ ፊት ለፊት ባለች ደሴት ላይ የመርከብ መብራት ጠባቂ ሆኗል። በመጋቢት ከእኛ አገር የሚመለሱ ወፎች ደሴቷ ላይ ያርፋሉ። እሱም «ከነዚህ ውስጥ የጭላሎን ገብስ የረገጠ አይጠፋም» እያለ ሲያያቸው ይውላል። ከዚያ ሾፌሩ መስመር ቀየረና ወሬው ተቋረጠ።

በአርሲዎች ወግ ባሏ የጠፋባትን ሴት የባሏ ወንድም ያገባታል። የከዲሮ ወንድም ቶላ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከዲሮ አልነበረም። ዙቤዳ ይመጣል፣ ይመጣል እያለች ዓመታት ተከራከረች። በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ሽማግሌዎቹ ሰለቻቸውና «እስከ መጪው መስከረም ጠብቂ፤ ከዚያ ለቶላ ነሽ» አሏት።

በታኅሣሥ፣ ገብስ ከታጨደ በኋላ፣ ውሻ ክንፉን የነከሰው ሽመላ ማሳ ላይ አገኘች። ጓሮዋ አስገብታ አንበጣና ትል እየለቀመች አበላችው። እኔን እንኳ ታምሜ እንደዚያ ያስታመመኝ የለም። ክንፉ ድኖ፣ ጓደኞቹም ለመሄድ መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ ሂና በጥብጣ ነጭ ደረቱን ቀባችው።

«ሽመላ ልትድሪ ነው?» ብዬ ሳቅሁባት።

«ይሳቁ እትዬ ፅጌረዳ። የፈለገ ያህል ነጭ ወፍ ቢያርፍ ይሄኛውን ያውቀዋል። ዙቤዳ እየጠበቀችኝ ነው ይላል፤ ይመጣል።»

ሽመላው ከመንጋው ጋር በኢተያ በኩል ወደ ሰሜን ሲሄድ አብሬያት ቆሜ አየሁ። ሳቄን ትቼ እንዲደርስ ከልቤ ተመኘሁ።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም ሊጠባ ሲል ሁሴኖ የሚባል የጎበሳ ሰው ከምጽዋ ተመልሶ፣ ሱቄ ገብቶ ሲጋራ ገዛና ወሬ ጀመረ። ዙቤዳ ጥግ ቆማ ስኳር ታስመዝናለች፤ ማን እንደሆነች አላወቀም።

«ደሴቷ ላይ ከዲሮ ከሚባል ያገሬ ልጅ ጋር ነበር የምሠራው» አለ። «ወፍ ሲያይ የሚውል ሰው ነው። በመጋቢት መጨረሻ አንድ ሽመላ መጣ፤ ወላሂ፣ ደረቱ ሂና ተቀብቷል። ከዲሮ አየውና ቁጭ አለ። ‹ይሄ የዙቤዳ እጅ ነው። ሂና የሙሽራ ነው፤ ለቶላ ድረዋታል። ተድሬያለሁ፣ አትጠብቀኝ ማለቷ ነው› አለ። ለዒድ አገሩ ሊገባ ጓዙን ሸክፎ ነበር እኮ። ተወውና በሳምንቱ በጀልባ ወደ ጅዳ ተሻገረ።»

ሚዛኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። 

ዙቤዳ ሻሿን አስተካክላ ወደ ሁሴኖ ቀረበች።

«ወፉን ሲያይ ስሜን ጠራ?»

ሁሴኖ ያኔ ገባውና አንገቱን ደፋ። «ያ ረቢ... አዎ። ደጋግሞ ጠራሽ።»

«እንዲህ ካልረሳኝ፣ መጥቶ አይጠይቀኝም ነበር?»

 ስኳሩን ሳትወስድ ወጣች። በከዲሮ እስከ ዛሬ እንደተናደድኩ ነኝ።

በመስከረም ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ዙቤዳ አልተከራከረችም።