አፈሩና ውሃዋ ሲስማሙ

ወንድምየው እንዳለው ከሆነ የሳሎኑ ግድግዳ የተሰነጠቀው በጋውን መሬቱ ደርቆ ስለተኮማተረ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ መልሶ ይገጥማል። እህትየዋ እንዳለችው ደግሞ የተሰነጠቀው ዝናቡ ከመሠረቱ ስር ስለገባ ነው፤ ሲያባራ ይረጋጋል።

ሁለቱም የተማሩ ናቸው። ከእናታቸው ቤት በላይ ባለው ተረተር ላይ እሱ ብረት ተክሎ የአፈሩን እንቅስቃሴ ይለካል፣ እሷ ጉድጓድ አስቆፍራ የከርሰ ምድር ውሃውን ትለካለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፀሐይ በየት እንደወጣች እንኳ ሳይጨቃጨቁ አይውሉም። መንደሩ «አፈሩ» እና «ውሃዋ» እያለ ይስቅባቸዋል።

«አንዱ ደረቀ ይለኛል፣ አንዷ ረጠበ ትለኛለች» አሉ እናታቸው ሻይ እየቀዱ። «አንድ ቃል የተናገራችሁ ቀን ቤቴን ጥዬ እወጣለሁ። እስከዚያ አርፋችሁ ጠጡ። ይልቅ አንተ፣ ያንን የጓዳ በር እይልኝ። ትናንት ይዘጋ ነበር፣ ዛሬ እንቢ ብሏል።»

ወንድምየው መላጊያ ይዞ ሄደ። ጠርዙን ላገው፤ በሩ አልገጠመም። እህትየዋ ከኋላው ቆማ እየሳቀችበት ስታይ ቆየችና ሳቋ ጠፋ።

«በሩን ተወው፤ ያዘመመው መቃኑ ነው። የላይኛው ጉድጓዴ ቧንቧም ወደዚሁ ነው የተጣመመው።»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«ምን ብዬ? የተጣመመ ቧንቧ የውሃውን ከፍታ በትክክል አያሳይም። ከስሌቱ አውጥቼ ጣልኩት።»

መላጊያውን አስቀመጠ። «ስትጥዪው ውሃው ከፍ ብሎ ነበር?»

«በጣም። ለዚያም ነው ያላመንኩት። አንተስ የጣልከው አለ?»

«እርጥብ አፈር ያብጣል፣ ብረቴን ይገፋዋል። መሬቱ ሄደ ማለት አይደለም። ስለዚህ በዝናብ ቀን የመጣውን ልኬት አልቆጥርም። በብዛት የጣልኩት ከዚያ ጉድጓድሽ አጠገብ ያለውን ነው።»

እሷ መሬት ነካው ብላ የጣለችውን፣ እሱ ውሃ ነካው ብሎ የጣለውን፣ አንድም ቀን አንድ ላይ አስቀምጠውት አያውቁም። ከግድግዳው የልስን ፍርፋሪ ወለሉ ላይ ጠብ አለ።

«ላዩ ደርቆ ተሰነጠቀ» አለ እሱ ቀስ ብሎ።

«ዝናቡ በስንጥቁ ገባ።»

«ከስር ሸክላ አፈር አለ።»

«ሲረጥብ ደግሞ እንደ ሳሙና ነው።» ክንዱን ጨበጠችው። «ሁለታችንም ልክ ነበርን እኮ። ልክ ሆነን ነው እማዬን ‘አይዞሽ’ ስንላት የከረምነው።»

በመስኮቱ በኩል ተረተሩ አናት ላይ ደመና ጠቁሮ ወርዷል።

«ለአደጋ መከላከል ቢሮ እንደውል» አለ።

«እስኪመጡ ይዘንባል።»

«ብንሳሳትስ? መንደሩን አስወጥተን ምንም ባይሆን ሁለተኛ ማን ይሰማናል?»

እሷ በመስኮቱ ደመናውን አየች።

«ምነው ጸጥ አላችሁ?» አሉ እናታቸው ወደ ጓዳ ብቅ ብለው። «ታመማችሁ እንዴ?»

«እማዬ፣ ተረተሩ እየወረደ ነው» አሉ ሁለቱም፣ እኩል።

እናትየዋ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ። አንዱን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። ሳቁ ሳይወጣ ቀረ። ከጓሮ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አሉ በሹክሹክታ።

ሻርፓቸውን አነሱ፤ ሌላ ምንም አላነሱም። የውጭውን በር ለመክፈት ተቸገሩ፤ ልጃቸው በትከሻው ገፍቶ ከፈተላቸው። መንገዱ መሃል ላይ ቆመው፣ ድምፃቸው ሳይሰበር ጮኹ።

«ጎረቤቶች! አፈሩና ውሃዋ ተስማምተዋል! እኔ ቤቴን ጥዬ ወጥቻለሁ፤ የእያንዳንዳችሁን በር ሳላንኳኳ ግን ከዚህ አልወርድም!»