የትሮምቦኑ ቦታ

ትርሓስ ፊልሙን በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በእጇ ወደ ኋላ መለሰችው። ነጭ ኮት የለበሱት ሙዚቀኞች በቦሌ መንገድ ላይ የኋሊት ተራመዱ፤ ሳክስፎኑ፣ ትራምፔቱ፣ ዘፋኙ፣ ከዚያ የአንድ ሰው ትከሻ የሚያህል ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ሁለቱ ጊታሮች። ለቀቀችው። ተመልሰው ወደ እሷ መጡ። ከጠረጴዛው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ትሮምቦን ተሰማ፤ ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ አምቆ አምቆ እንደሚተነፍስ ሰው። ድምፁ ከዚያ ባዶ ቦታ የሚወጣ ይመስላል። በምስሉ ውስጥ ግን ትሮምቦን የያዘ ሰው አልነበረም።

«ምን ታያለሽ?» አለ የቴሌቪዥኑ ፊልም ክፍል ኃላፊ ጓድ ገሰሰ። ከጀርባዋ ቆሞ ሻዩን ፉት ይላል።

ቡዳፔስት ድረስ ሄዳ ፊልም ተምራ ከተመለሰች ዓመት አልፏታል። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ግን ምን እንደምታይ የጠየቃት አልነበረም። ቁረጪ፣ ቀጥዪ፣ ከጠዋቱ ስብሰባ አትቅሪ፤ ይኸው ነበር ሥራዋ። ስለዚህ ጥያቄው እንደ ግብዣ ሆነባትና አንደበቷ ተፈታ።

«ሌሎቹ ባንዶች ሲቀረፁ ካሜራውን እያዩ ይሥቃሉ። እዩን፣ እናምራለን ነው የሚሉት። እነዚህ ካሜራውን ረስተውታል። አዝማቹ በመጣ ቁጥር ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያያሉ። እዚህ ጋ ደግሞ ዘፋኙ እጁን ይዘረጋል፤ የሚያርፍበት የለም። ስለዚህ ስናያቸው የሚጠብቁ ሰዎች ሆኑብን። እኛም ሳናውቀው አብረናቸው እንጠብቃለን። ምክንያቱም…» ጣቷን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈች። «ለአንድ ሰው ቦታ ትተዋል።»

ጓድ ገሰሰ ሻዩን ከአፉ አራቀ።

«ለማን?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ትርሓስ ጣቷን ከምስሉ ላይ አነሣች።

«እሱን… እንጃ።»

«ግጥሙን አይተነዋል፤ የፍቅር ነው፤ ማኅተም ተደርጎበታል። ቦታውን ግን ያየው የለም።» ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው ያስፈራት። «ከሰዓት በኋላ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሚተላለፈውን የሚመርጡ ሁለት ጓዶች ከበላይ ይመጣሉ። አንቺ ያየሽውን እነሱ የማያዩበት ምክንያት የለም። እስከዚያ ለማን እንደሆነ እወቂልኝ።»

በዚያ ከተማ የጎደለ ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነበር፤ የጎደለውን በስም የሚጠራ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ሰዎቹ ያን ቦታ ለተገደለ ጓደኛቸው ትተውት ከሆነ ባንዱ መበተኑ ብቻ አይደለም፤ አንዳቸውም ቤታቸው ላይገቡ ነው። ይህን ያደረገችውም እሷ ናት፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር፣ አድንቃ።

ያደነቀችውም ያለ ነገር አልነበረም። ወንድሟ ሐዱሽ የተወሰደው በቀይ ሽብር ጊዜ ነው፤ እሷ ቡዳፔስት ነበረች። ሬሳው አልተገኘም፤ ማልቀስም ክልክል ነበር። እናታቸው ንግሥቲ ጥቁር አልለበሰችም፣ ደጇ ላይ ድንኳን አልተተከለም። ትርሓስ ስትመለስ ያገኘቻት የሰው ለቅሶ የማያመልጣት ሴት ሆና ነው። ኦሎምፒያ ይሁን መገናኛ፣ ሟቹን ታውቀው አታውቀው፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትሄዳለች፤ ሄዳም ከባለቤቶቹ አብልጣ ታለቅሳለች። «ምኑ ናት?» ብለው ይጠያየቃሉ። ቤቷ ስትገባ ፊቷን ትታጠብና ስለ ስኳር መጥፋት ታወራለች። ትርሓስ ያን ጠዋት ምስሉን ስታይ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፦ ይህን እናቴ ትይልኝ። ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ምኑ ናት የሚላት ሳይኖር።

ባንዱ ቀን ቀን የሚለማመደው በቦሌ መንገድ ዳር ባለ ሆቴል ምድር ቤት ነው። ስትገባ መሪው ማሞ ጊታሩን እየቃኘ ነበር።

«እሰይ፣ የፊልሟ እመቤት መጣች! እህቴ፣ አምረናል ወይስ ሙሽራ የጠፋባቸው ሚዜዎች መስለናል?»

«ማሞ፣ የምጠይቅህን በእውነት መልስልኝ። ከዘፋኙ አጠገብ ያለው ቦታ ለማን ነው የተተወው?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ሣቁ ፈነዳ።

«ላጲሶ! ና ውጣ፣ መንግሥት ይፈልግሃል!»

ከመጋረጃው ጀርባ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ቀጭን ሰው ትሮምቦኑን በጨርቅ እየወለወለ ወጣ። ቀልዱ አላሣቀውም።

ማሞ አስረዳት። ዘፈኑ ከቀረፃው አስቀድሞ ስቱዲዮ ተቀድቷል፤ ላጲሶም ነፍቶበታል። «ለቀረፃው ደግሞ ያ የእናንተ የካሜራ ሰው እንደ መቶ አለቃ አሰለፈን። ‹ሁሉም ቦታ ቦታውን ይያዝ፣ ከመስመሩ የወጣ ከፊልሙ ወጣ› አለ። በቀኑ ላጲሶ የለም! ፊልሙ በልክ ነው፣ ነገ አይባልም። ቦታውን ማን ይዝጋው? ፈራን። እንዳለ ተራመድን።»

«ወደ ጎን የምታዩትስ?»

«ከታክሲ ይወርድ ይሆናል ብለን ነዋ! አንገታችን እስኪቀጭ ጠበቅነው።»

«ዘፋኙ እጁን የዘረጋው?»

«የላጲሶን ትከሻ ሊይዝ ተለማምዷል። ለምዶበት ዘረጋ፣ አየር ጨበጠ።»

«አትፍረጂብኝ ልጄ» አለ ላጲሶ። «ኮተቤ ያለው ዕድራችን ድንኳን ተካይ እኔ ነኝ። በዋዜማው ጎረቤት አረፈ። ሬሳ አስተኝቼ ነጭ ኮት ልልበስ? እዚህ ቦታዬን የሚጠብቅልኝ አይጠፋም ብዬ ነው የቀረሁ።»

ትርሓስ ከበሮው አጠገብ ካለው ሳጥን ላይ ተቀመጠች። የሞተ ሰው፣ የተተከለ ድንኳን፣ የመጣ ዕድርተኛ። እሷ የሐዱሽን መጥፋት ያነበበችበት ቦታ ሌላው ሰው በወጉ የተቀበረበት ቀን ነበር።

«ደግሞ ይቀረፅ በይልኝ» አለ ላጲሶ ጠጋ ብሎ። «ዕድሜ ልኬን ከኋላ፣ ጨለማው ጋ ቆሜ ነፋሁ። ለበዓሉ ቀበሌያችን ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ሊያስገባ ነው። የዕድሩ ሰው ሁሉ ‹ላጲሶን እናየዋለን› ብሎ እየጠበቀ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው አሉ፤ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ጋሼ ላጲሶ። እነግራቸዋለሁ።»

ይህን ስትል ከልቧ ነበር። በታክሲ ወደ ቢሮዋ ስትመለስ ግን ምስሉ አብሯት ተሳፈረ። ምክንያቱን አውቃለች፤ ያየችው ግን አልፈረሰም። ሰዎቹ በእርግጥ ጠብቀዋል። ማንም ጠብቁ ስላላላቸው ይሆናል መጠበቃቸው እንዲያ እውነት የሆነው።

ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ተዘግቶ ፊልሙ ታየ። ሲያልቅ ከሁለቱ እንግዶች ወፍራሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መሐል ላይ ያለው ክፍተት ምንድን ነው?»

ጓድ ገሰሰ ወደ ትርሓስ አየ። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፦ አንድ ሰው ለቅሶ ሄዶ ቀርቶ ነው፣ በግማሽ ቀን ይስተካከላል። ማንም አይጎዳም። ላጲሶ ነጭ ኮቱን ለብሶ ቦታው ይገባል፤ ዘፋኙ ትከሻውን ይይዛል፤ ሁሉም ወደ ካሜራው ያያሉ። እናቷም አንድ ያማረ ባንድ ታያለች፤ አይታም ስለ ስኳር ታወራለች።

«ሆን ተብሎ ነው፣ ጓድ» አለች። የሰማችው ድምፅ የእሷ አልመሰላትም። «ክፍተቱ የተመልካቹ ቦታ ነው። ባንዱ ያለ ሰፊው ሕዝብ ጎደሎ ነው ለማለት ነው። እጁን የሚዘረጋውም ለሰፊው ሕዝብ ነው።»

ወፍራሙ ሰው ቃሉን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ አገላበጠው። «የሰፊው ሕዝብ ቦታ!» አለ ወደ ባልደረባው ዞሮ። «አየህ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው። እንዳለ ይተላለፍ። ማንም እንዳይነካው!»

ጓድ ገሰሰ እንግዶቹን ሊሸኝ ሲወጣ በሩ ላይ ቆየት አለ። «ለማን እንደሆነ አወቅሽ ማለት ነው» አለ ሳያያት።

«አዎ።»

ደግሞ አልጠየቃትም።

ላጲሶን ከቅጥሩ በር ውጭ ቆሞ አገኘችው። ነጭ ኮቱን ተኩሶ ለብሷል፤ የትሮምቦኑን ሳጥን በብብቱ ይዟል። ምናልባት ዛሬውኑ እንቀረፃለን ቢሉ ብሎ ነው የመጣው።

«እሺ አሉ?»

አልፈቀዱም ብትለው ያምናት ነበር። ከፍ ባለ ሰው ማሳበብ በዚያ ዘመን የሚያስወቅስ ነገር አልነበረም። ኮቱን ስታይ ግን አልሆነላትም። ይዛው ገባች፤ ከፊልሙ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጠችው።

«አልጠየቅኳቸውም፣ ጋሼ። እንዲቀር ያደረግሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ስለ ሐዱሽ ነገረችው፤ ስለ እናቷም፣ በሰው ድንኳን ሥር ስለምታለቅሰው። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበርና ቃሉ እየተቆራረጠባት ነው የጨረሰችው።

ላጲሶ ተነሥቶ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ኮፍያውን አውልቆ፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለ። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ቦታው የእርስዎ ነው» አለች ፊቷን እየጠረገች። «ነገ ጠዋት ገብቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ዋሽታለች ይበሉኝ። የሚሉኝን እችለዋለሁ።»

«የዕድሩን ሰው ምን ልበለው?» አለ ላጲሶ፤ እሷን አይመስልም የጠየቀው። ቆይቶ፣ «እስቲ አሳዪኝ» አላት።

ፊልሙን ለቀቀችው። ነጭ ለባሾቹ በቦሌ መንገድ መጡ። ላጲሶ ወደ ምስሉ ተጠጋ፤ የጓደኞቹ ዓይን ወደ ጎን ሲዞር የእሱም አብሮ ዞረ። ትሮምቦኑ ሊገባ ሲል ከንፈሩን አጠበቀ፣ ቀኝ እጁ ከጉልበቱ ላይ ተነሣ፣ የሌለውን ቱቦ ይዞ ወደ ፊት መግፋት ጀመረ። መሐል ላይ ሲደርስ እጁ ቀጥ አለ። ድምፁ ከባዶው ቦታ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው፤ ላጲሶም እጁን አየር ላይ እንደያዘ፣ ሳይገፋው፣ ሳያወርደው፣ የገዛ ትንፋሹን ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር አዳመጠ።