የእሑዱ መግቢያ

1.

ከሚኒባሱ መስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ ይጠቅሳል። ከበሮው የሚገባው ልክ ዓይኑን ሲጨፍን ነው። ከዚያ ስሙ ከሥር ይመጣል፦ ዳግማዊ እሸቴ።

ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሚጠቅሰው ወንድሜ ነው።


2. መግቢያ

ከላይ ያለው መግቢያ አይደለም፤ መግቢያው ይሄ ነው። ይቅርታ፣ ሰሞኑን ነገር መጀመር አቅቶኛል።

ምንትዋብ እባላለሁ። ሥራዬ የቴሌቪዥን ድራማ መግቢያ መሥራት ነው፤ እኛ በመሀላችን ኢንትሮ የምንለውን። እናንተ ሪሞት የምትፈልጉበት፣ ልጁን “ዝም በል፣ ጀመረ” የምትሉበት፣ ድስት አውጥታችሁ ሮጣችሁ የምትቀመጡበት ጊዜ የኔ ነው። ደህና አድርጎ የሚያየው የለም፤ ሁሉም ግን ይሰማዋል። ዋሽንት ብቻዋን ካስገባሁ መሀረብ ትፈልጋላችሁ። ከበሮና ክራር ካስገባሁ ገና ማንም ሳይናገር ፈገግ ትላላችሁ። አንድ ፕሮዲዩሰር “አንቺ የምትሠሪው የወጡን ሽታ ነው” ብሎኝ ያውቃል። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከዛሬ አልለየሁትም።


3. መግቢያ መሥራት ለምትፈልጉ

መጀመሪያ የድራማውን መጨረሻ ጠይቁ። ደራሲው “ገና አልጻፍኩትም” ይላችኋል። ጠብቁት።

መጨረሻው ለቅሶ ከሆነ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ደመና አስገቡ። ሰው በድንገት አይመታ። እኛ አገር ሞት እንኳ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ማለዳ ተሂዶ ነው መርዶ የሚነገረው። የሐዘኑ ባለቤት በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ግማሹን ታውቀዋለች። ጥሩ መግቢያም እንደዚያ ነው።

ይህን በየሥልጠናው ስናገር ሰው ያጨበጭብልኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።


4. የሆነው ነገር

ዳግማዊ ሞተ።



(ከላይ ያለውን ባዶ ቦታ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ትንሽ ቆዩበት።)

ከሐዋሳ ቀረጻ ሲመለሱ መኪናቸው ተገለበጠ። እናታችን ያን ሰሞን ልቧን አሟት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እሷ ሳታውቅ ቀበርነው። ወደ ቤት ስንመልሳትም ሐኪሙ “አሁን ድንጋጤ አትችልም፣ ታገሡ” አለን። የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ክንፉ፣ በቤታችን የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው፣ ነገሩን ቆረጡት፦ ሰኞ ሐኪሙ ያያታል፤ ከፈቀደ ማክሰኞ ማለዳ መርዶው ይነገራታል። እስከዚያ ጎረቤት ጥቁሩን አውልቆ ይገባል። ስልኳ “ተበላሽቷል”። ዳግማዊ “አርባ ምንጭ ቀረጻ ላይ ነው”።

ቴሌቪዥኑን የምንከፍተው ዳግማዊ ለሚተውንበት ድራማ ብቻ ነው። እሱንም ብንከለክላት ወዲያው ትነቃለች። አስቀድመው የተቀረጹ ክፍሎች ስለነበሩ ልጇ እሑድ እሑድ ይመጣላታል፣ ይጠቅሳታል። እሷም “ባለጌ!” ትለዋለች፣ ፊቷ በርቶ።

እንግዲህ የቀረን አንድ እሑድ ነበር። እሱን እንደምንም ማለፍ።


5. በስልክ

ሙሉዓለም (የድራማው ፕሮዲዩሰር)፦ ምንቴ፣ እግዜር ያጽናሽ።

እኔ፦ አሜን።

ሙሉዓለም፦ በዚህ ሰዓት ሥራ ማንሳቴ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሕዝቡ በስድብ ሊጨርሰን ነው። “አፈሩ ሳይደርቅ ከበሮ እየመቱ ያስጠቅሱታል” እየተባልን ነው።

እኔ፦ ምን ይሁን ትላለህ?

ሙሉዓለም፦ ጥቁር ፍሬም። ሻማ። “ነፍስ ይማር”።

እኔ፦ እማዬ ታየዋለች።

ሙሉዓለም፦ እሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ካልሆነ ለሌላ ሰው ልስጠው? አንቺ እህቱ ነሽ፣ ሐዘን ላይ ነሽ…

እኔ፦ ማንም አይነካውም።

ሙሉዓለም፦ እሺ። ግን እንዳለ አይተላለፍም። ጣቢያውም እምቢ ብሏል።

(ሙሉዓለምም የዳግማዊ ጓደኛ ነበር።)

እኔ፦ እስከ ነገ ጊዜ ስጠኝ።


6. የተጣሉ ሙከራዎች

ሀ. ጥቁር ፍሬም፣ በጣም ቀጭን፣ ዓይን ውስጥ የማይገባ። ለጋሽ ክንፉ አሳየኋቸው። “ቀጭን ሞት አለ እንዴ ልጄ?” አሉኝ።

ለ. ዳግማዊን አውጥቼ ሚኒባሱን አስቀረሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ማንም የለበትም። አንዴ አየሁትና ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሐ. ፍጥነቱን ቀነስኩና ዓይኑን ቀስ ብሎ እንዲጨፍን አደረግሁ። ቆርጬ ስጨርስ ጨፍኖ ቀረ።

ሰረዝኩት።


7. መግቢያ

በመጨረሻ ምስሉን ተውኩት። ድምፁን አጠፋሁት።

ከበሮው የለም፣ ክራሩ የለም። ሚኒባሱ ይመጣል፣ ወንድሜ ይጠቅሳል፣ ስሙ ይጻፋል፣ በዝምታ። ተመልካች ይገባዋል፤ ሟቹ እንደተከበረ ያያል። እማዬ ዘንድ ደግሞ ችግር የለም። የእሷ ቴሌቪዥን* አንዳንዴ ድምፁ ይጠፋል፤ ተበላሸ እላታለሁ። የተዋናዮቹ ንግግር ሲጀምር ይመለሳል።

ሙሉዓለም አይቶት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጋሽ ክንፉ “ብልህ ነሽ” አሉኝ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የተሻለው ሥራ መሰለኝና ኮራሁ። በወንድሜ ሞት ኮራሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ የተሰማኝ ግን እሱ ነው።

* ዳግማዊ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛላት። ስጦታ ነውና አይቀየርም ብላ እምቢ ያለችበት።


8. እሑድ

እማዬ ጋቢዋን ለብሳ ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፋለች። ጋሽ ክንፉ ከጎኗ ናቸው፤ መድኃኒቷን ኪሳቸው ውስጥ ይዘዋል። እኔ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፣ ፊቷን እንዳላይ።

“አርባ ምንጭ አዞ በላው እንዴ ይሄ ልጅ?” አለች። “እንዴት አንድ ቀን በአንቺ ስልክ እንኳ አይደውልም?”

“ኔትወርክ የለም እማ።”

“ለአዞዎቹ ነው የሌለው ወይስ ለሰውም?”

ጋሽ ክንፉ እንደመሳቅ አሉ። የሳሙና ማስታወቂያው አለቀ።

ጀመረ።

ሚኒባሱ መጣ። አንገቱ ብቅ አለ። ጠቀሰ። እማዬ “ባለጌ” አላለችም። ብድግ ብዬ የቴሌቪዥኑን ጎን በመዳፌ መታሁት። “ይሄ ደግሞ ተበላሸ” አልኩ። በቤታችን ተዋናዩ እሱ ነበር፤ እኔ ጨርሶ አልችልበትም።


9. የተባለው፣ እንደተባለ

እማዬ፦ ተይው። አትምቺው።

እኔ፦ ድምፁ እኮ…

እማዬ፦ ሳሙናው አሁን ሲጮህ አልነበረም?

እኔ፦ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል።

እማዬ፦ ምንትዋብ። አባትሽ ሲሞት ሬዲዮኑን ዓመት ሙሉ ጨርቅ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ማዶ ሰፈር ሰው ሲሞት እንኳ “ዘፈን ቀንሱ፣ ለቅሶ አለ” የምላችሁ እኔ ነኝ። ሙዚቃ ለምን እንደሚጠፋ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?

ጋሽ ክንፉ፦ አስካለ፣ ልጅቷ…

እማዬ፦ ጋሼ፣ አንተ ቆየኝ። እሷን ነው የጠየቅሁት።


10.

ለእናንተ ብቻ የምነግራችሁ፦

ሙዚቃውን ያጠፋሁት ተመልካች እንዲገባው ብዬ ነው። በየቤቱ ያለ ሰው ዝምታውን ሰምቶ “ለካ ሐዘን ላይ ናቸው” እንዲል። እናቴም ተመልካች መሆኗን ነው የረሳሁት። ስለ መግቢያ ስንት ቦታ ቆሜ አስተምሬያለሁ። መርዶውን በእሑድ፣ ሐኪሙ ሳያያት፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ በገዛ እጄ አረዳኋት። ግማሹን።

ግማሹ ደግሞ ከሙሉው ይከፋል።


11.

ድራማው ቀጠለ። የወንድሜ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፤ ከአንዲት ተሳፋሪ ጋር ስለ ወንበር ይጨቃጨቃል፣ ይስቃል። እማዬ ወደዚያ አልዞረችም። እኔን ነው የምታየው። እጇ ደረቷ ላይ ነው። ጋሽ ክንፉ ኪኒኑን አውጥተው ውሃ ይቀዳሉ።

እማዬ፦ ከተዋናዮቹ አንዱ ነው አይደል?

እኔ፦ እማ…

እማዬ፦ ደግ አደረጋችሁ። ሰው ሲሞት እንዲህ ነው የሚከበር። ጎሽ።

(ትንፋሿን ሰበሰበች።)

እማዬ፦ ያች ነጭ ነጠላዬ ቁምሳጥኑ ውስጥ አለች፣ እሷን አምጪልኝ። መሄድ አያቅተኝም፣ ደግፋችሁ ትወስዱኛላችሁ። በይ ንገሪኝ፤ የማን እናት ዘንድ ነው ለቅሶ የምንደርሰው?

እኔ፦